ኮሌጅ በእድር ወንበር

ሰው ጡረታ ሲወጣ የማያምረው ነገር የለም። አንዱን ገጠር ወርዶ ንብ ማነብ ያምረዋል፤ አንዱን ማኅበር ውስጥ ገብቶ ሊቀመንበር መባል ያምረዋል፤ አንዱን ደግሞ ልጅ እግር ሚስት ታምረዋለች። እኔን ያማረኝ ኮሌጅ ነው። ከሦስቱ አንዱ አምሮኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደህና ሰው ነበርኩ። ሦስተኛው እንኳ ቢሆን ባለቤቴ በላይነሽ በአንድ ቀን ትገላግለኝ ነበር፤ ኮሌጁ ግን ቀስ እያለ ነው የገደለኝ።

ካማረኝስ እንደ ሰው የሒሳብ አያያዝና የኮምፒውተር ኮሌጅ ቢያምረኝ ምን ነበረበት? ኡራኤል አካባቢ ፎቅ ሁሉ፣ ከታች ፋርማሲ ከላይ ኮሌጅ ነው። እኔ ግን የሊበራል አርትስ ኮሌጅ አልኩ። ማለቴ፣ አንድ ወጣት ገብቶ ታሪኩንም፣ ፍልስፍናውንም፣ ሥነ ጽሑፉንም፣ ትንሽ ትንሽ ሳይንሱንም ቀማምሶ፣ ማሰብና መከራከር ተምሮ የሚወጣበት ትንሽ ቤት። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከልባቸው የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ “ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?” ከመሞቴ በፊት ሌላ ጥያቄ መስማት ፈለግኩ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው።

በጥፋቱ ብቻዬን አይደለሁም፤ ምትኩ አለበት። ምትኩ እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሲቪክስ አስተማሪ ተብሎ ተቀጥሮ፣ ዳይሬክተሩ ሳያውቅ ፍልስፍና ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ወዳጄ ነው። ኮሌጁ ሲከፈት ሥነ ምግባር ሊያስተምር ተዘጋጅቶ ነበር። ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ቁጭ ብለን “እንጀምረው” ያለው እሱ ነው፤ “እሺ” ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ማን ማንን እንዳሳተ እንጨቃጨቃለን።

ቤት ነበረን። የበላይነሽ አባት የተዉላት ካዛንቺስ ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ሰፈሩ ለልማት ተነሥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ሲበተን፣ የኛ ግቢና አጠገቡ ያሉ ጥቂት ቤቶች በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ ከመስመሩ ወዲህ ቀሩ። አጥሩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ላየ፣ ድሮ ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋበት ሰፈር ሜዳ ሆኖ ይታየዋል። በላይነሽ ግቢውን ለኮሌጁ ስትሰጠን እያለቀሰች ነው። ያኔ የመሰለኝ አባቷ ትዝ ብለዋት ነበር፤ አሁን ሳስበው የሚመጣውን አይታ ነው።

ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሄድን ዕለት የተቀበለን ሰውዬ በጣም ጨዋ ነበር። ሻይ ጠጡ ብሎን ሲያበቃ፣ ተመራቂዎቻችሁ ምን ሆነው ይወጣሉ ብሎ ጠየቀን። ምትኩ ደረቱን ነፍቶ “ሰው” አለው። ሰውዬው ሳይስቅ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ፈለገ። ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ “ሰው” የሚባል የሥራ መደብ የለም። እውነቱን ነው፤ እኔም ስንት ዘመን ስሠራ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጠላቴም አልመኝም። መምህራን ካልቀጠራችሁ ፈቃድ የለም ተባልን። መምህራኑን ስናነጋግር ፈቃድ ከሌላችሁ አንቀጠርም አሉን። ተማሪ እንዳትመዘግቡ ተባልን፤ ቆይቶ ደግሞ ስንት ተማሪ እንደምታስተምሩ አሳዩ ተባልን። በዚህ መሃል አንዲት እናት ልጃቸውን ክራር አስይዘው መጡና አርት ነው የምታስተምሩት ሲባል ሰምቼ ነው አሉን። ልጁ ክራሩን ደህና አድርጎ ይጫወት ነበር። ፈቃድ ስለሌለን መለስነው እንጂ፣ ምትኩ ቢጠየቅ ዲን ያደርገው ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሦስት ጉብኝት ይፈቅዳል። ሦስት ጊዜ ያልተሟላ ሆኖ የተገኘ ተቋም መዝገቡ ይዘጋል፤ ከተዘጋ እንደኛ ላሉ ሽማግሌዎች እንደገና መጀመር ማለት ከአንደኛ ክፍል መጀመር ነው። በመጀመሪያው ጉብኝት በቤተ ሙከራ ወደቅን። ሁለት ሰዎች መጡ፤ ወይዘሪት ሰናይት የምትባል ረጋ ያለች ወጣት የቡድን መሪ፣ ከሷ ጋር ደግሞ ያገኘውን ሁሉ በሜትር የሚለካ ዝምተኛ ሰው። ቤተ ሙከራው የታለ አሉ። እኔ ቤተ ሙከራችን የተማሪው አእምሮ ነው ብዬ ተፈላሰፍኩ። ሰናይት ፈገግ አለች፤ ሰውዬው ግን “የለም” ብሎ ጻፈ። ሊለካው አልቻለማ።

ስለዚህ ቤተ ሙከራ አቋቋምን። ከአንድ ከተዘጋ የጤና ማሠልጠኛ ዕቃ ሲሸጥ ደርሰን ጥቂት ብልቃጥና አንድ የፕላስቲክ የሰው አጽም ገዛን። አጽሙን ታክሲ ውስጥ ከኔና ከምትኩ መሃል አስቀምጠን ስናመጣ ረዳቱ የሦስት ሰው ሒሳብ ጠየቀን። በሁለተኛው ጉብኝት ባለ ሜትሩ አጽሙን ከራሱ እስከ እግሩ ለክቶ፣ ጥሩ ነው ብሎ አለፈ። ደስ ብሎን ሳናበቃ በመጻሕፍቱ ወደቅን። ከየቤታችን የሰበሰብነው መጽሐፍ መደርደሪያውን ሞልቶት ነበር፤ ለካ ደንቡ የሚፈልገው ጥቂት መጽሐፍ በብዙ ኮፒ ነው እንጂ ብዙ መጽሐፍ በአንድ ኮፒ አይደለም። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ያንብብ ማለት ነው። ምትኩ በዚህ ላይ ንግግር ሊጀምር ሲል አፉን ያዝኩት።

ለሦስተኛው መጻሕፍቱን እንደምንም አሟላን። የቀረን ወንበር ነበር። ለመማሪያ ክፍሎቹ፣ ለንባብ ክፍሉ፣ ለመምህራን ማረፊያው፣ ወንበር፣ ወንበር፣ ወንበር። አቅማችን አልቆ ነበርና ምትኩ መፍትሔ አመጣ። ምትኩ መፍትሔ ያመጣ ዕለት ሰው ቤቱን ዘግቶ መተኛት አለበት። “የእድሩ ወንበር እኮ መጋዘን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው” አለኝ።

የሰፈራችን እድር ሰፈሩ ቢበተንም አልፈረሰም። ዳኛው ሻምበል ደገፉ ናቸው፤ ጦር ሜዳ ያልጣላቸው፣ ሰፈር መፍረስ ያልበተናቸው፣ በእድሩ ደንብ ከመጣባቸው ወንድማቸውንም የማይምሩ ሽማግሌ። ሄጄ አስረዳኋቸው። ኮሌጁ ምን እንደሚያስተምር ጠየቁኝ፤ ሁሉንም አልኳቸው። ሁሉንም የሚል ሰው አያምኑም። የሆነ ሆኖ ለትምህርት ነው ብለው፣ የኮሚቴውን አባላት አማክረው፣ ወንበሩንና አግዳሚውን ማክሰኞ ለሚሆነው ጉብኝት ሊያውሱን ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ ሞት ከመጣ ዕቃው ይሄዳል። ቀጠሮ አለኝ፣ እንግዳ አለብኝ የሚባል ነገር የለም። እኔም በሆዴ፣ ሰፈሩ ራሱ ሞቶ ሳለ ማን ቀርቶ ነው የሚሞተው አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሆድም አይባልም።

ወንበሩ ግቢያችን ከገባ ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ እንደኔ ለሽማግሌ የሚያስብ ሰው አልነበረም። የእድሩን አባላት አንድ በአንድ እያሰብኩ፣ የታመመ የመሰለኝን ሁሉ በስልክ ጠየቅኩ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የገቡትን አንድ አስም ያለባቸውን አዛውንት ብርቱካን ይዤ ሄጄ፣ መስኮቱን በእጄ ዘግቼ፣ መድኃኒታቸውን ሲውጡ አይቼ ተመለስኩ። ግፊት ያለባቸውን ጨው ቀንሱ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፤ የወለድነው ልጅ እንዲህ አልጠየቀንም ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ሲወርድብኝ አንገቴን ደፍቼ፣ እስከ ማክሰኞ ብቻ ጌታዬ እያልኩ እጸልይ ነበር።

እትዬ ወርቄን አልደወልኩላቸውም። ለምን ልደውል? እትዬ ወርቄ ካዛንቺስ ጉልት ሲቸረችሩ የኖሩ፣ የድንች ጆንያ ብቻቸውን የሚያነሡ፣ ጉንፋን እንኳ ይዟቸው የማያውቅ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሲነሣ ከልጃቸው ጋር ሩቅ ዳር ላይ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው፣ ደረጃውን ከኔ ይልቅ በፍጥነት ይወጡት ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ያልፈሩትም እንደሚደርስ የነገረኝ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ሁሉም ዝግጁ ነበር። ወንበሩ በየክፍሉ ተደርድሯል። በየበሩ ላይ “ቤተ መጻሕፍት”፣ “ቤተ ሙከራ” የሚል ተለጥፏል። ጎብኚዎቹ የሚመጡት በአራት ሰዓት ነው። ከረባቴን እያሰርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳና ሻምበል ደገፉ ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመው አገኘኋቸው። ከኋላቸው ድንኳን የጫነ አይሱዙ ቆሟል።

“ወርቄ አርፋለች” አሉኝ።

ሰው እንዲህ ሲባል ነፍስ ይማር ይላል። እኔ ያልኩት “ዛሬ?” ነው። ይኼን ስናገር በላይነሽ ሰምታኛለች፤ እስከ ዛሬም አልረሳችልኝም።

እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ብዬ ለመንኳቸው። አይሆንም አሉ። እስከ አምስት አልኩ። ሰውየው እንደ ድንጋይ ቆሙ። ቆይቼ ግን እሳቸውም የጨነቃቸው መሆኑን አስተዋልኩ። ወንበሩን ይወስዱታል፤ ግን ወዴት? ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አልተገኘም። ደግሞ ወርቄ በሕይወት ሳሉ፣ ለቅሶዬን ካዛንቺስ አድርጉልኝ፣ እዚህ ማንም አያውቀኝም ብለው ነበር። ካዛንቺስ ደግሞ የለም። ሻምበል አይሱዙ ይዘው የሌለ ሰፈር ሲፈልጉ ነው ያነጉት።

ይኼን ስትሰማ በላይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። እትዬ ወርቄ ሦስቱንም ልጆቿን ስትወልድ ያረሷት ሴት ናቸው።

“ድንኳኑን እዚሁ ትከሉት” አለች። “ወንበሩም እዚሁ ነው፤ ምን ያመላልሳችኋል።” ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አንተ ደግሞ እንግዶችህን በጓሮ በር አስገባ” አለችኝ።

ምን ይባላል? ለቅሶ አይከለከልም። የከለከለ ሰው የሞተ ዕለት ማን ይቀብረዋል? ምትኩ ሲደርስ ድንኳኑ ቆሞ ነበር። ነገሩን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ ምንም ችግር የለም አለኝ፤ እንዲያውም ወንበሩ ሁሉ ሰው ስለሚቀመጥበት ኮሌጁ የሞቀ ይመስላል አለ። ይኼ ሰው ፍልስፍና ሲያስተምር ስንት ትውልድ እንዳበላሸ ያኔ ነው የገባኝ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ኮሌጄ ተወረሰ። በየዳርቻው የተበተነው ካዛንቺስ በሙሉ፣ በታክሲውም በአውቶቡሱም እየተንጋጋ መጣ። ያልተያየ ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ። ሴቶቹ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ተቀመጡ። ቤተ ሙከራው ውኃ ስላለው ንፍሮ ተጣደበት። እዚያ አጽሙ አለ፤ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከራስ ቅሉ እስከ እግሩ ጋቢ አለበስኩት። ሰው ሁሉ አንድ የታመመ ሽማግሌ ጥግ ይዞ የተቀመጠ መስሎት ዝቅ ብሎ ሰላም እያለው ያልፍ ጀመር። አንድ ዓይናቸው የደከመ አዛውንትማ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ስለ እትዬ ወርቄ ደግነት ብዙ አጫወቱት። ሲነሡ፣ ሰውዬው በጣም ተጎድቷል፣ እህል አስቀምሱት ብለው አዘዙኝ።

መምህራን አሉኝ ለማለት የጠራኋቸውን ጡረተኛ ባልደረቦቼን ደግሞ ጥቁር ሱፍ ለብሳችሁ በየክፍላችሁ በር ላይ ቁሙ ብያቸው ነበር። በጥቁር ሱፋቸው መጡ፤ ድንኳን አዩ፤ ሳይጠይቁ ገብተው ተቀመጡ። የፊዚክሱ መምህር የሚለቀሰው ለኔ መስሎት አልቅሶ ካበቃ በኋላ ነው በሕይወት ያየኝ።

በአራት ሰዓት ሰናይትና ባለ ሜትሩ መጡ። ድንኳኑን አይተው በሩ ላይ ቆሙ። በጓሮ ላስገባቸው ብሮጥም አልደረስኩባቸውም፤ የሀገሬ ሰው የለቅሶ ቤት ደርሶ ሳይቀመጥ አያልፍም። ጎንበስ ብለው ገብተው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበላቸው፤ ቆነጠሩ። ባለ ሜትሩ ሜትሩን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ።

ሄጄ ሰናይት ፊት ቆምኩ። ተነሥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። “እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ። እናትዎ ናቸው?” አለችኝ።

አይደሉም ልላት ነበር። የመጣችሁት ለሦስተኛው ጉብኝት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያ ሴቶቹ ያሉበት ነው፤ የተቀመጣችሁበትም የመማሪያ ክፍል ወንበር ነው ልላት ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው እንባ ነው። በእንባ ብቻ ቢያበቃ ደግ፤ ድምፅ አወጣሁ። እኔ ድምፅ ሳወጣ ሴቶቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ተቀበሉኝ። ድንኳኑ በሙሉ እንደገና ተነሣ። ሰናይትም አለቀሰች። ባለ ሜትሩ ትከሻዬን ደግፎ አስቀመጠኝ። እንደ ምንም ተረጋግቼ ቢያንስ ክፍሎቹን ለኩ ስለው፣ በዚህ ሰዓት ነውር ነው ጋሼ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነውር ነው። ትንሽ ቆይተው ተሰናብተው ሄዱ።

ሐሙስ ሠልስት ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰው የቀረበውን ቀምሶ ሊሰነባበት ሲል ሰናይት ብቻዋን፣ ጥቁር ለብሳ መጣች። ለሥራ አልመጣችም፤ አንዴ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሠልስት ስለማይቀር ነው። እኔና ምትኩ መሃል ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሦስተኛው ጉብኝት በተቋሙ ምክንያት ካልተካሄደ እንዳልተሟላ ይቆጠራል። አለቃዋን ለምናው ነበር፤ የኮሌጁ ኃላፊ የቅርብ ዘመድ ሞቶበት ከሆነ ብቻ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል ብሏል።

“ከእድርዎ ማረጋገጫ ካመጡ ይበቃኛል” አለችኝ። “እናትዎ ባይሆኑ እንኳ አክስትዎ ናቸው አይደል?”

ምትኩ በክርኑ ጎኔን ወጋኝ። የሥነ ምግባር መምህራችን። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የጓጓሁለት ነገር፣ የበላይነሽ አባት ግቢ፣ ቲቸር ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል የማይል ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ “አዎ” ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀና ስል የእትዬ ወርቄ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየችኝ፤ ፊቷ አብጦ፣ ጸጉሯን ተላጭታ። እናቷን፣ ማን እንደነበሩ በማያውቅ መሥሪያ ቤት ፊት፣ ለወንበር ብዬ ልካፈላት ነው።

“አይደሉም” አልኩ። “ጎረቤቴ ናቸው።”

ሰናይት መዝገቡ ይዘጋል ጋሼ አለችኝ፤ እኔ እሺ አልኳት። ምትኩ ክርኑን መለሰ። በኋላ እንደነገረኝ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ያፈረው በራሱ ይሁን በኔ ግን አልነገረኝም።

ሻምበል ደገፉ ከኋላችን ቆመው ሰምተው ኖሯል። ሐዘኑ የሚዘጋበት ሰዓት ስለነበር፣ ልጆቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀምረዋል፤ ሰውም ጫማውን እያጠበቀ ተነሥቷል። ሻምበል መጥተው ፊቴ ቆሙ። የተዘጋው ምንድን ነው አሉኝ። ኮሌጁ አልኳቸው። በዝርዝር ጠየቁኝ፤ በዝርዝር ነገርኳቸው። በአጠገባቸው ያሉት ሰዎች እግራቸውን ገታ አድርገው ይሰሙ ጀመር።

“ዕድሜው ስንት ነበር?” አሉኝ፤ እንደ ማንኛውም ሟች።

“አልተወለደም ሻምበል።”

ጥቂት አሰቡ። “ሳይወለድ ለሞተ እድሩ ድንኳን አይተክልም” አሉ። “ደንባችን አይፈቅድም።” ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። “የተተከለውን ግን ነገ ንቀሉት።”

ልጆቹ ገመዱን መልሰው አሰሩ። ተነሥቶ የነበረው ሰው፣ ገሚሱ ሩቅ መንገድ ይጠብቀዋል፣ አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰናይትም አልሄደችም። በላይነሽ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ፣ ከፊት ያለውን አግዳሚ በነጠላዋ ጠርጋ፣ ና እዚህ ተቀመጥ አለችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩና ማንም ሳይጠይቀኝ በገዛ ሐዘኔ አለቀስኩ።